የእኛ ፍሳሽና የእትዬ ማርታ ቆጮ

ሰው እንግዳ ሲመጣበት ሳሎኑን ያሳያል። አዲስ ቴሌቪዥን የገዛ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ልጁን ያስመረቀ የምረቃውን ፎቶ ከበሩ ትይዩ ይሰቅላል። እኔ ግን ሶዶ ቤቴ የመጣን እንግዳ ገና ተቀመጥ ሳልለው «ና እስቲ መጀመሪያ ፍሳሻችንን ላሳይህ» ብዬ ወደ ጓሮ ነው የምወስደው። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ተስፋ ቆርጣለች። «ሰውዬው ምሳ ተጠርቶ ነው የመጣው፤ ይብላና ታሳየዋለህ» ትለኛለች። ከምሳ በፊት ፍሳሽ የሚያሳይ ሰው በዞኑ ውስጥ ከእኔ ሌላ የለም ባይ ናት። እኔ ደግሞ ለእንግዳ የሚታይ ፍሳሽ ያለው ሰውም ከእኔ ሌላ የለም ባይ ነኝ። በዚህ አንስማማም።

አትፍረዱብኝ። በአንድ የቆጮ ጉድጓድ ምክንያት ክረምቱን ሙሉ ልባችሁ ተንጠልጥሎ ቢከርም ኖሮ እናንተ ከእኔ ትብሱ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔና አራት ጓደኞቼ ተደራጅተን የከፈትነው የክር ማቅለሚያ አለን። ቦታ ሲጠፋ በእኔ ግቢ ውስጥ ነው የተከልነው፤ ሊቀመንበር ያደረጉኝም በዕውቀቴ ሳይሆን በግቢዬ ስፋት ነው። ነጭ የጥጥ ክር ገዝተን እንነክራለን፤ ሸማኔዎች ይወስዱና ዱንጉዛ ይሠሩበታል። ዱንጉዛ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር መስመር ያለው የወላይታ ልብስ ነው። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ በመስከረም ሲመጣ ዱንጉዛ ያልለበሰ ሰው ከቤት መውጣት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ክረምት ሲገባ እኛ ዘንድ ሥራው ይጦፋል። ከሦስቱ ቀለም ውጭ አናውቅም። አንዲት ሙሽራ ሰማያዊ አዝዛን የሠራንላት ነገር እስከዛሬ ስሙ ያልታወቀ ቀለም ነው። ከዚያ በኋላ በሦስቱ ጸንተናል።

ሶዶን ያየ ሰው ከተማዋ ተዳፋት ላይ እንደተቀመጠች ያውቃል። ዳሞታ ተራራ ከላይ፣ እኛ ከሥሩ፣ ከእኛ ሥር ደግሞ ሌላ ሰው። ስለዚህ እዚህ አገር ጎረቤት ማለት የግራና የቀኝ ብቻ አይደለም፤ የላይ ጎረቤትና የታች ጎረቤት አለ። የላዩ ውሃውን ይልክልሃል፤ አንተም የራስህን ጨምረህበት ለታቹ ትልካለህ። የእኛ የታች ጎረቤት እትዬ ማርታ ናቸው። ባላቸውን በሞት አጥተው ልጆቻቸውን በቅቤ ንግድና በእንሰታቸው ያሳደጉ፣ በቤተ ክርስቲያን ከፊት ወንበር የማይጠፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ብዙ የማይናገር ሰው እኔን ያስፈራኛል፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም።

ታዲያ ያ ሁሉ ቀለም የተነከረበት ውሃ የት ይሄዳል? ይህን ለረጅም ጊዜ የጠየቀን አልነበረም። ቢጠየቅም መልሱ ቀላል ነበር፤ ወደ እንሰቱ። የወላይታ ልጅ ነኝ፤ ከቤት የወጣ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እበቱ ወደ እንሰቱ፣ አመዱ ወደ እንሰቱ፣ ዕቃ የታጠበበት ውሃ ወደ እንሰቱ። እንሰት የሰጡትን ዋጥ አድርጎ ይወፍራል እንጂ ሲያማርር ሰምቼ አላውቅም። እኛም ከበርሜሎቹ ሥር ቦይ ቀደድንና ጥቁሩንም ቀዩንም ቢጫውንም በግቢዬ ግርጌ ወዳለው እንሰት ለቀቅነው። በዚህም ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። አረካ በተሰጠ አንድ ስልጠና ላይ «የፍሳሽ አወጋገዳችሁ እንዴት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የመኪና አጣቢውም የሳሙና ሠሪውም አንገቱን ደፋ። እኔ ብድግ ብዬ «እኛ ፍሳሽ የለንም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አሰልጣኙም አብሮ አጨበጨበ።

ምልክት አልነበረም አልልም። የእትዬ ማርታ ነጫጭ ዶሮዎች ሆዳቸው ሥር ቢጫ ማውጣት ጀምረው ነበር፤ እኔ ዘራቸው የተሻሻለ መስሎኝ እንኳን ደስ ያለዎት ብያቸዋለሁ። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ቦዩ ሞልቶ እስከ መንገዱ ይወርዳል። ሰኞ ጥቁር፣ ረቡዕ ቀይ፣ ዓርብ ቢጫ ነበር የምንነክረው፤ ጥቁር ጉልበት ስለሚፈልግ በእሑድ ዕረፍት ጉልበት እንጀምረው ብለን ነው። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂዎች ታዲያ የወረደውን ውሃ አይተው ቀኑን ያውቁ ነበር። ይህንንም ለኅብረተሰቡ እንደምንሰጠው አገልግሎት ነበር የቆጠርኩት።

ከዚያ በግንቦት መጨረሻ እትዬ ማርታ ቆጯቸውን ከፈቱ።

ለማያውቅ ልንገር፤ እንሰት ተፍቆ ቆጮ የሚሆነው በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ሲብላላ ነው። ጉድጓዱም የሚቆፈረው እዚያው እንሰቱ መሃል ነው። የእሳቸው እንሰት ደግሞ የሚጀምረው የእኔ እንሰት በሚያልቅበት ነው። ያን ቀን ጠዋት በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። እንደ ወትሮው ቆጮን በቅቤ ለውሰው ሙቹዋ ሠርተው ያመጡልኝ መስሎኝ አፌ ውሃ ሞላ። ቅጠሉን ገለጡልኝ። ቆጮው ከላይ ቢጫ፣ መሃሉ ላይ ቀይ፣ ከሥር ደግሞ ጥቁር መስመር ይዟል። ዱንጉዛ ነው፤ ጥለት የቀረው ዱንጉዛ።

የሰው ልጅ ሞኝነት እስከ ምን እንደሚደርስ እንግዲህ እዚህ ላይ እዩልኝ። ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ቆጮውን ተቀብዬ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። «እትዬ፣ ቀዩ እንዴት እንደያዘ አዩልኝ? ከቢጫው ጋር እኮ አልተደባለቀም» አልኳቸው። ለክፋት አልነበረም። ቀለም ነካሪ ነኝ፤ ቀይ ከቢጫ ጎን ሳይፈስ ቀጥ ብሎ ሲይዝ ሳይ ደስታ ያሸንፈኛል። ክር ላይ እንዲህ ለማስያዝ የለፋነውን እኛ ነን የምናውቀው።

እትዬ ማርታ ትንሽ አዩኝ። ቆጮውን ከእጄ ወሰዱ፣ ቅጠሉን መልሰው ጠቀለሉ፣ ሄዱ። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «አሁን ያልከውን ራስህ ሰምተኸዋል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው መስማት የጀመርኩት።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ መጣች። ሰላማዊት ትባላለች፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ገና የሶዶን ዳጣ በርበሬ ያልለመደች ወጣት ናት። ፍሳሻችሁ የት ነው የሚሄደው አለችኝ። በለመድኩት ኩራት «እኛ ፍሳሽ የለንም» አልኩና ጭብጨባውን ጠበቅኩ። አላጨበጨበችም። ግቢውን ማየት እፈልጋለሁ አለች። ከለቅሶ ቤት መመለሴ ስለነበር ነጭ ሱሪ ለብሻለሁ፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነው። ወደ ኋላ እየዞርኩ ስለ እንሰት ጠቀሜታ እያስረዳኋት ቁልቁል ስንወርድ እግሬ ከዳኝና ቦዩ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ስነሳ ከወገቤ በታች ቀይ ሆኛለሁ። ሰላማዊት ሱሪዬን አየችው፣ ቦዩን አየችው።

«ይሄ ታዲያ ምንድነው?» አለች።

እትዬ ማርታ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ሁሉንም ያያሉ። አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ውሳኔው አጭር ነበር። ማፍሰስ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል፤ ማጣሪያ ሠርተን ካላስተካከልን ግቢው ይታሸጋል፤ አስተካክለናል ብንል እንኳ የታች ጎረቤታችን ካልተስማሙ ሥራ የለም። ጊዜው ደግሞ የዓመቱን ጉርስ የምንለቅምበት ነው። የመዘምራኑ ትእዛዝ፣ የሠርጉ ትእዛዝ፣ የሸማኔዎቹ ትእዛዝ ሁሉ ለጊፋታ ነው። ክረምቱን ካልሠራን ማኅበሩ ያበቃለታል፤ አምስት ቤት ደግሞ ከዚያች ማቅለሚያ ሌላ የሚበላበት የለውም።

አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ። በስብሰባው የተነሱት ሐሳቦች ለትምህርት እንዲሆኑ እነግራችኋለሁ። ጸሐፊያችን ታዲዎስ ቦዩን ከእትዬ ማርታ አዙረን ወደ ግራው ጎረቤት እንልቀቀው አለ፤ ሰውዬው ፍየል እንጂ ቆጮ የለውምና። ሌላው ከእንግዲህ ቢጫ ብቻ እንንከር አለ። ቢጫ ቆጮ ላይ ቢደርስ እንኳ የሚያየው ሰው ቅቤ በዝቶበታል ብሎ ይደሰታል እንጂ አይከስም ነው ክርክሩ። በዚህ ሐሳብ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ በቁም ነገር ተወያየን፤ እኔም ሳልደግፈው አልቀረሁም። ስብሰባውን የበተነችው ባለቤቴ ናት።

በነጋታው ሰላማዊት ተመልሳ መጣችና መጀመሪያ የጠየቀችን ነገር ሁላችንንም አፋጠጠን። ለምንድነው ከጥቁር የምትጀምሩት አለች። ከባድ ስለሆነ አልናት። ከቢጫ ብትጀምሩ በተረፈው የቢጫ ውሃ ላይ ቀዩን፣ በቀዩ ላይ ጥቁሩን መንከር ትችላላችሁ፤ ሦስት ጊዜ የምታፈሱትን አንድ ጊዜ ታፈሳላችሁ አለች። እኔ ይህ ለምን እንደማይሆን ብዙ ምክንያት ደርድሬ አስረዳኋት። እንደማይሆን በተግባር ለማሳየትም ማልጄ ተነስቼ ሞከርኩት። ሆነ። ሆኖም አላረፈ፣ ቀዩ ከሥሩ ቢጫ ስላለበት ሞቅ ብሎ ወጣ። አሁን ለጎብኚ ስናገር «ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ» እያልኩ ነው የማወራው፤ ለእናንተ ግን እውነቱን ይኸው።

የቀረውን አንድ ጥቁር ውሃ ለማጥራት ተዳፋቱ ራሱ አገዘን። ከላይ የሚረጋበት ጉድጓድ፣ ከሥሩ ጠጠር፣ አሸዋና ከሰል የተሞላ በርሜል፣ ከዚያ በታች የጠራው የሚታይበት ገንዳ ሠራን። ቀለሙ ተሰብስቦ እንዲዘቅጥ ኖራ ያስፈልጋል፤ ከኖራው ጋር ደግሞ የተፈጨ የሽፈራው ፍሬ ቢገባ ይረዳል አለችን ሰላማዊት። ሽፈራው ለእኛ ቅጠሉ የሚቀቀል፣ ፍሬው የሚዘራ ዛፍ ነው፤ ውሃ ያጠራል ብሎ ማን ያስባል። እኔም ሥራ ስይዝ በግማሽ አልይዝምና ገበያ ወርጄ ፍሬውን በጆንያ ጠየቅሁ።

ሻጯ አየችኝ። «ስኳር ነው ወይስ ግፊት?» አለች። ሁለቱም አይደለም፣ ለሥራ ነው አልኳት። አንገቷን በሐዘን ነቀነቀች። ሽፈራው በእኛ አገር የመድኃኒት ስም አለው፤ በእፍኝ የሚገዛ ሰው ይታመማል ማለት ነው፣ በጆንያ የሚገዛ ሰው ግን አልቆለታል ማለት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሁለተኛ ጆንያ ስገዛ ከጎኗ ያሉትም ሴቶች ተነስተው እያዩኝ ነበር። አንዷ እንዲያውም ምርቃት ጨምራ ሰጠችኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሪው «በከባድ ሕመም ላይ ሆኖ ለቤተሰቡ ሲል የሚሠራ አንድ ወንድማችን አለና እንጸልይለት» አለ። ዐይኔን ጨፍኜ ከልቤ ጸለይኩ። የማን ቤት ይሆን እያልኩ፣ ልጆቹን እያሰብኩ እንባ ሁሉ ተናነቀኝ። ዐይኔን ስገልጥ ጉባኤው በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል። ባለቤቴ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ትንቀጠቀጣለች፤ ሰው እያለቀሰች መስሎት አጽናናት። ወጥቼ ለመሪው የታመመው ውሃው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ባስረዳው ግንባሬን ዳሰሰኝ።

ከዚያማ ጠያቂው ጎረፈ። ሙዝ ይዞ የሚመጣ፣ ማር ይዞ የሚመጣ፣ ቦምቤ ብትሄድ ፍቱን መድኃኒት አዋቂ አለ የሚለኝ። ቦታ የለንም እስክንል ሳሎኑ ሞላ። ከሁሉ መጨረሻ እትዬ ማርታ መጡ። ከዚያ ከቆጮው ቀን ወዲህ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ አሁን ግን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው አልጋዬን በዐይናቸው ይፈልጋሉ። አፈርኩ። ያበላሸሁባቸውን ቆጮ ሳልክስ ቅቤ ልቀበላቸው አልቻልኩም። «እትዬ፣ ይምጡና የታመመውን ላሳይዎት» ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው።

የተፈጨውን ሽፈራውና ኖራውን ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩ። ከዚያ ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን። ቀለሙ ቀስ በቀስ እየተቋጠረ፣ እየከበደ፣ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ከላይ የቀረው ቀጭን ሻይ መሰለ። በከሰሉና በአሸዋው አልፎ ገንዳው ላይ ሲደርስ ሻይም አልነበረም፤ ውሃ ነበር። ከሥር የሚቀረውን ዝቃጭ አድርቀን በከረጢት ቋጥረን በመጠለያ እንደምናስቀምጥ፣ አንድ ማንኪያ እንኳ ወደ እንሰቱ እንደማይሄድ ነገርኳቸው። እትዬ ማርታ ገንዳውን ብዙ አዩት።

«እና አልታመምክም» አሉ።

አልታመምኩም አልኳቸው። ያመጡትን ቅቤ መልሰው ይዘው ሄዱ።

የስምምነቱ ቀን ሰላማዊት የጠራውን ውሃ በብርጭቆ ቀድታ፣ የመረመረችበትን ነገር ሁሉ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። እትዬ ማርታ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ በፍቅር ነው። እስኪያልቅ አዳመጧት።

«ልጄ፣ አንተ ጎበዝ ነህ» አሏት። «ግን እኔ ብርጭቆ አልበላም። ቆጮ ነው የምበላው። ውሃቸው በሚወርድበት ቦታ እቀብራለሁ፤ ለጊፋታ እከፍታለሁ። ያን ጊዜ እናገራለሁ።»

ታዲዎስ እትዬ፣ ሥራው እኮ ከጊፋታ በፊት ነው ብሎ ሊለምናቸው ሲጀምር እኔ ኩራት ይዞኝ ሄደ። በውሃዬ ማን ተጠራጥሮ? «እስከዚያ እንሥራ። ቆጮው ነጥብ ቀለም ከተገኘበት የማቅለሚያውን በር በገዛ እጄ ቆልፌ ቁልፉን ለእርስዎ እሰጣለሁ» አልኩ። አፌ ከተናገረ በኋላ ነው ጓደኞቼን ያየኋቸው። አንዳቸውም አላዩኝም፤ መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ማርታም ቀላል ነገር አልነበረም ያስያዙት። ትንሿ ልጃቸው ቤሌ ተድራለች፤ አማቶቿ በዚህ ጊፋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡ ነው። ለእነሱ የማቀርበው ይህንኑ ነው፣ ሌላ አልቀብርም አሉ። ሰላማዊትም በየሳምንቱ እየመጣች እንደምታይ ነግራ እንድንሠራ ፈቀደችልን።

ያ ክረምት ያልታመምኩትን ሕመም ሁሉ ታመምኩ። እህል አልወርድ አለኝ። ከሰሉን እለውጣለሁ፣ አሸዋውን አጥባለሁ፣ ገንዳው ውስጥ ነጭ ክር እየነከርኩ አወጣለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ቀን መለየት አቅቷቸው ዛሬ ምንድነው እያሉ መጠየቅ ጀመሩ፤ ይህ ትንሽ አጽናናኝ። ግን አላስቀመጠኝም። በሆነ ባልሆነው ወደ እትዬ ማርታ ጉድጓድ እየሄድኩ በድንጋዮቹ መሃል አሸት ነበር። አንድ ቀን በአራት እግሬ ተንበርክኬ አፍንጫዬን ቅጠሉ ላይ እንደደፋሁ ከኋላዬ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ጅብ እንኳ ሲጨልም ነው የሚመጣው» አሉኝና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ነሐሴ ላይ የዘነበው ዝናብ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የላይ ጎረቤታችን ጎርፍ አጥሩን ገፍቶ ገብቶ ወደሚረጋው ጉድጓዳችን ገሰገሰ። ጉድጓዱ ሙሉ ነበር፤ ገና ኖራ ያልነካው ጥቁር። ቢገነፍል የሚሄደው አንድ ቦታ ነው። አምስታችንም አካፋና መቆፈሪያ ይዘን ጎርፉን ወደ መንገዱ ለማዞር ተራወጥን፤ ባለቤቴ የሳሎኑን ላስቲክ ምንጣፍ ገፍፋ ጉድጓዱ ላይ አለበሰች። በዚህ መሃል የጉድጓዱ ከንፈር በአንድ በኩል ተናደና ጥቁሩ መንጠባጠብ ጀመረ። ድንጋይ የለ፣ ከረጢት የለ። ሌላ የሚሆን ነገር ስላልታየኝ ዞሬ ተቀመጥኩበት። ልክ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ውፍረቴ ለማንም ጠቅሞ አያውቅም። ጓደኞቼ ጎርፉን እስኪያዞሩ፣ አፈር እስኪያመጡ እዚያው ተወትፌ ቆየሁ። ዝናቡ ሲያባራ ስነሳ ሁለተኛ ሱሪዬም ጠቁሯል። ቀይና ጥቁር ሆነልኝ፤ የቀረኝ ቢጫ ነው አልኩ። ማንም አልሳቀልኝም። ሁላችንም የምናስበው ከመቀመጤ በፊት ምን ያህል እንዳመለጠ ነበር፤ ይህን ደግሞ የሚያውቀው ከእትዬ ማርታ ድንጋይ ሥር ያለው ቆጮ ብቻ ነው።

ጊፋታ ደረሰ። ከተማው ዱንጉዛ ለበሰ፤ ከለበሰው ውስጥ ብዙው የእኛ ክር ነበር። መዘምራኑ ያዘዙትን ለብሰው በፊታችን ሲያልፉ ታዲዎስ «ምናልባት የመጨረሻችን ነው» አለኝ። ቆጮው በሚከፈትበት ጠዋት የቤሌ አማቶች ቀድመው ደርሰው በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ሰላማዊትም ዱንጉዛ ሻርፕ ጣል አድርጋ መጥታለች። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቁልፉን ጨብጫለሁ። ላብ አጥምቆታል።

እትዬ ማርታ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሱ። የላዩ ቅጠል ተገለጠ፤ ጠቁሯል። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ቁልፉን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ቅጠል ነው። ቅጠል ሲቀበር ይጠቁራል። ቆጮ አይተህ አታውቅም እንዴ?» አሉኝ።

ቆጮ ላይ ነው ያደግኩት። ያን ጠዋት ግን የማውቀው ነገር ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር። የተዘረጋች እጄን መመለስም ረሳሁ። እሳቸው ሁለተኛውን ቅጠል፣ ሦስተኛውን ቅጠል ገለጡና እጃቸውን አግብተው እፍኝ ሙሉ አወጡ። ነጭ ነው። ጨመቁት፤ ከጣቶቻቸው መሃል የወረደውን ውሃ አዩት። አሸተቱት። ቆረስ አድርገው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ወደ መሬት እያዩ አላመጡ። በረንዳው ላይ ከአማቶቹ አንዱ ሳል ይዞት አፍኖታል።

«ቆጮ ነው» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም። ከእፍኛቸው ቆንጠር አድርገው በዘረጋሁት መዳፍ ላይ፣ ከቁልፉ ጋር አስቀመጡልኝና እንግዶቻቸውን ለማስተናገድ ገቡ። እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሰው ልጁ ዶክተር ሆነልኝ ብሎ ያለቅሳል፤ እኔ ጎረቤቴ ቆጯቸውን ቆጮ ነው ስላሉ አለቀስኩ፤ አላፍርም። ታዲዎስ ቁልፉን ከእጄ ላይ ወስዶ በሱሪው ጠረገው። ያን ቀን እዚያው በላን፤ ሙቹዋው በቅቤ ርሶ ቀረበ፣ ያ የተመለሰብኝ ቅቤ ሳይሆን አይቀርም። ሰላማዊት በዳጣ አጥቅሳ በልታ ዐይኗ እንባ ሞላ፤ እሷ ግን ከበርበሬው ነው አለች።

አሁን ሰላማዊት ሌላ ሰፈር ያሉ መኪና አጣቢዎችን ወደ እኛ ይዛ ትመጣለች፤ እኔም አስጎበኛለሁ። የሚረጋውን ጉድጓድ፣ በርሜሉን፣ ገንዳውን፣ የተቀመጥኩበትን ቦታ ሳይቀር አሳያለሁ። አንዳንዱ ጎብኚ ተጠራጣሪ ነው፤ ውሃው በእርግጥ መጥራቱን በምን እናምናለን ይለኛል። ያን ጊዜ አልከራከርም። ወደ ግቢው ግርጌ ወስጄ የገንዳው ውሃ ወደሚወርድበት በአጥሩ ላይ አሻግሬ አሳየዋለሁ። እዚያ እንሰቱ መሃል አዲስ ጉድጓድ አለ፤ ከአምናው ይሰፋል፣ ድንጋይም ተጭኖበታል። እትዬ ማርታ የዘንድሮውን ሲቀብሩ ለሰላማዊት አልነገሯትም፣ እኔንም አልጠየቁኝም።